መስታወቱ የማይነሳ ካሜራ፦ ለማን እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚያዝ

የእህቴ ልጅ ባለፈው መስከረም ደውላ «ጋሼ፣ የፊልም ካሜራ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» አለችኝ። ምን ልታነሺበት ነው ስላት ለአፍታም አላሰበችም፤ «ሰው ሲጨፍር» አለች። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ በበጋው ወራት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሠርግ አለ፤ ሠርግ ካለ ደግሞ እስክስታ አለ። እኔም ላለፉት ብዙ ዓመታት በእነዚህ አዳራሾች ውስጥ ካሜራ አንግቤ ስዞር ኖሬአለሁ። ለልጅቷ የሰጠኋት መልስ ረጅም ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄ ላላችሁ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ እነሆ ጻፍኩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። አባቴ ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። የመጀመሪያ ካሜራው ሉቢቴል ነበር፤ ሶቪየት ሠራሽ፣ ባለሁለት ሌንስ፣ ደረት ላይ ተይዞ ከላይ ወደ ታች የሚታይበት፣ በአንድ ጥቅል ፊልም 12 ፎቶ የሚያወጣ። ለመታወቂያ የመጣ ሰው ፍላሹ ሲበራ ከጨፈነ አባቴ እዚያው «ጨፍነሃል፣ ልድገምህ» ይለው ነበር። ኋላ ዜኒት ገዛ። ዜኒት በብዙ ነገር የተሻለ ካሜራ ነው፤ ያ «ልድገምህ» የሚለው ቃል ግን ከፎቶ ቤታችን ጠፋ። ከወረዳ በአውቶቡስ የመጣው ሰው በማግሥቱ ፎቶውን ሊወስድ ሲቀርብ ዓይኑ ተጨፍኖ ይገኛል። ሰውየውም ሌላ ሌሊት ከተማ ያድራል። አባቴ በዚህ እጅግ ያዝን ነበር። እኔ ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ለምን ካሜራው ሲሻሻል አባቴ ማየት እንዳቃተው አልገባኝም ነበር።

ምክንያቱ መስታወቱ ነው።

ዜኒትን የመሰለ ካሜራ፣ ማለትም ኤስ ኤል አር የሚባለው፣ ከሌንሱ ጀርባ በ45 ዲግሪ የተጋደመ መስታወት አለው። በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ላይ፣ ወደ መመልከቻው ይመልሰዋል። ስለዚህ የምታዩት ሌንሱ የሚያየውን ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ግን መስታወቱ ከፊልሙ ፊት ገለል ማለት አለበት፤ ወደ ላይ ይነሳል፣ መመልከቻው ይጨልማል፣ ፊልሙን የሚጋርደው መጋረጃ (ሻተሩ) ተከፍቶ ይዘጋል፣ መስታወቱ ይመለሳል። በድሮዎቹ ካሜራዎች መስታወቱ ፊልሙ እስኪጠቀለል ድረስ ተነሥቶ ይቀር ነበር። ወዲያው የሚመለሰውን በፈረንጆቹ 1954 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) የወጣው የጃፓኑ አሳሂፍሌክስ 2ቢ አስለመደ፤ ጨለማው በጣም አጠረ። ያም ሆኖ አልጠፋም። ብርሃኑ ፊልሙ ላይ የሚያርፍበት ያ ቅጽበት፣ ፎቶ አንሺው ምንም የማያይበት ቅጽበት ነው። በዚህ ዓይነት ካሜራ ፍላሻችሁ ሲበራ በመመልከቻው ውስጥ ካያችሁት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

አሁን ሌሎቹን አሠራሮች እንያቸው። እንደ አባቴ ሉቢቴል ያለው ባለሁለት ሌንስ ካሜራ (ከሁሉ የታወቀው በ1929 የወጣው የጀርመኑ ሮላይፍሌክስ ነው) በአንዱ ሌንስ ያሳያችኋል፣ በሌላው ያነሳል። የሚያሳየው መስታወት ከቦታው ስለማይነሳ ጨለማ የለም። ነገር ግን ምስሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ የሚጨፍር ሰው ወደ ቀኝ ሲሄድ በመስታወቱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ እጃችሁም ይሳሳታል። ቅርብ ስትሆኑ ደግሞ ሁለቱ ሌንሶች የሚያዩት ልዩ ልዩ ይሆናል፤ የሙሽራዋን ጌጥ ጨምሬአለሁ ስትሉ ተቆርጦ ይመጣል።

ሬንጅፋይንደር የሚባለው፣ ለምሳሌ በ1954 የወጣው ላይካ ኤም 3፣ መመልከቻው ከሌንሱ ፈጽሞ የተለየ መስኮት ነው። ብሩህ ነው፣ አይጨልምም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ከፎቶው ክልል ውጭ ያለውን ሰው ወደ ውስጥ ሳይገባ ታዩታላችሁ። በሻማ ብርሃን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያነሳ ሰው ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ይህን እለዋለሁ። ድክመቱ ሌንሱ የሚያየውን አለማሳየቱ ነው። የቱ እንደጠራና የቱ እንደደበዘዘ በመስኮቱ አታዩም፤ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ረጅም ሌንስም ከ135 ሚሊ ሜትር በላይ አያዋጣውም። የሌንሱ ክዳን ሳይነሳ ሠላሳ ስድስት ፎቶ አንስቶ የሄደ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሙሽራው አጎት ነበሩ፣ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

መስታወቱ የማይነሳው ካሜራ በእነዚህ መካከል ቆሞ ሁለቱንም ሊያስታርቅ የሞከረ ነው። በ1965 ካኖን ፔሊክስ የተባለውን አወጣ። ስሙ ስስ ቆዳ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ መስታወቱም እውነትም ስስ ቆዳ ነው። ብርጭቆ ሳይሆን 0.02 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከፀጉር የሳሳ የፕላስቲክ ገለፈት ነው፤ በላዩ ላይ በከፊል የሚያንጸባርቅ ሽፋን ተቀብቷል። ወደ ሁለት ሦስተኛው ብርሃን ሰንጥቆት ወደ ፊልሙ ያልፋል፣ አንድ ሦስተኛው ወደ መመልከቻው ይመለሳል። ሁለቱም ሁልጊዜ ስለሚደርሳቸው መስታወቱ የሚነሳበት ምክንያት የለም። ለምን ይህን ያህል ሳሳ ብትሉ፣ ብርሃን በተጋደመ ወፍራም ብርጭቆ ውስጥ ሲያልፍ ከፊቱም ከጀርባውም ተንጸባርቆ ድርብ ምስል ስለሚፈጥር ነው። ገለፈቱ በሳሳ መጠን ሁለቱ ነጸብራቆች አንድ ላይ ይወድቃሉ።

በዚህ ካሜራ ፍላሻችሁን ታዩታላችሁ። የተነሺው ሰው ፊት በብርሃን ተጥለቅልቆ፣ ዓይኑ ተከፍቶ ወይም ተጨፍኖ፣ እዚያው መመልከቻው ውስጥ ይታያል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አባቴን አስታውሼ ካሜራውን ከዓይኔ ላይ አውርጄ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ አይደሉም። ካኖን በ1972 ለኦሊምፒክ ዓመት በሰከንድ 9 ፎቶ የሚያነሳ ኤፍ-1 የተባለ ካሜራ አወጣ፤ በ1984 ደግሞ በሰከንድ 14 የሚያነሳ። ኒኮንም ኤፍ 2 ኤች እና ኤፍ 3 ኤች የተባሉ ነበሩት። እነዚህ በጥቂቱ የተሠሩና ለሰብሳቢዎች የሚሆኑ ናቸው፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው፣ እለፏቸው። በሰከንድ 14 ሲያነሳ 36 ፎቶ ያለው ጥቅል ከሦስት ሰከንድ በታች ማለቁንም አትርሱ። ለሚያነሳበት ሰው የሚረቡት ሦስት የካኖን ካሜራዎች ናቸው፦ ፔሊክስ (በ1966 ፊልም አጎራረሱ የቀለለው ፔሊክስ ኪው ኤል ተጨምሯል)፣ በ1989 የወጣው ኢኦኤስ አር ቲ፣ እና በ1995 የወጣው ኢኦኤስ-1ኤን አር ኤስ።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነውና። መስታወቱ ካልተነሳ ጨለማው መጥፋቱ ብቻ አይደለም ጥቅሙ፤ መስታወቱ እስኪነሳ መጠበቅም ቀረ። ቁልፉ ተጭኖ ሻተሩ እስኪከፈት ተራው ኤስ ኤል አር ከ0.05 እስከ 0.1 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ኢኦኤስ አር ቲ በልዩ አሠራሩ 0.008 ሰከንድ፣ 1ኤን አር ኤስ 0.006 ሰከንድ ይበቃቸዋል። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በሩጫ አስቡት፤ 5,000 ሜትርን በ13 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በሰከንድ 6.4 ሜትር ይሄዳል። በ0.1 ሰከንድ 64 ሳንቲ ሜትር ርቋችኋል፤ በ0.008 ግን 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ። በ2000 በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ሁላችንም በቴሌቪዥን ፊት ትንፋሻችንን ውጠን ያየነው ያ የደረት ልዩነት፣ አንድ ተራ ካሜራ መስታወቱን ለማንሳት ከሚወስድበት ጊዜ ብዙም አይበልጥም።

አሁን ዋጋውን ልናገር። ገንዘቡን ማለቴ አይደለም።

የመጀመሪያው ዋጋ ብርሃን ነው። አንድ ሦስተኛው ወደ ፊልሙ አይደርስም፤ ይህ ከግማሽ ስቶፕ ጥቂት የሚበልጥ ነው (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ወይም እጥፍ ሲሆን ነው)። 400 አይ ኤስ ኦ ፊልም (ቁጥሩ ሲበዛ ፊልሙ በጥቂት ብርሃን ይሠራል) ስታስገቡ በተግባር ወደ 270 የሚጠጋ ፊልም ያስገባችሁ ያህል ነው። ሁለተኛው የመመልከቻው ጨለማ ነው፤ ከሚገባው ብርሃን አንድ ሦስተኛውን ብቻ ስለምታዩ፣ ተራ ኤስ ኤል አር ለለመደ ዓይን ምሽት ላይ አዳራሽ ውስጥ ማጥራት ያስቸግራል። ስለዚህ ሌንሳችሁ ኤፍ 1.4 ወይም ኤፍ 1.8 ይሁን፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ኤፍ 4 የሆነ ዙም ይዛችሁ እዚህ ካሜራ ላይ አትግጠሙ፤ በቀን ሜዳ ላይ ካልሆነ በቀር ትበሳጫላችሁ።

ሦስተኛውን ሻጮች አይነግሯችሁም። መስታወቱ ባይነሳም በሌንሱ ውስጥ ያለው የብርሃን ቀዳዳ፣ ዲያፍራሙ፣ ይጠባል። ሌንሱ ክፍት ሆኖ እያያችሁ ኤፍ 11 አድርጋችሁ ብትጫኑ፣ በዚያ ቅጽበት መመልከቻው በጣም ይጨልማል፤ ብርሃን በጠበበ ቀዳዳ ስለሚገባ። ከኤፍ 1.4 ወደ ኤፍ 2.8 ሲወርድ የሚታየው ብርሃን ሩብ ይሆናል፤ ወደ ኤፍ 11 ሲወርድ ከስልሳ አራት እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ «አይጨልምም» የተባለው እውነት የሚሆነው ዲያፍራሙን ሰፋ አድርጋችሁ ስታነሱ ነው። እኔ ከኤፍ 4 በላይ ብዙም አልሄድም። ፍላሽ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ ብርሃኑ ኀይለኛ ስለሆነ በኤፍ 8ም ቢሆን የሰውየው ፊት ይታያችኋል።

ስትገዙ

ሌንሱን አውልቁና ካሜራውን ወደ መስኮት አዙራችሁ መስታወቱን በጎን አጋድላችሁ ተመልከቱ። ትክክለኛ ገለፈት እንደ ተወጠረ ከበሮ ለጥ ያለ ነው። መጨማደድ፣ ደመና የመሰለ ግርዶሽ፣ የጣት አሻራ ወይም ቀዳዳ ካለው አትግዙ። በተለይ ፔሊክስ ስድሳ ዓመት ያለፈው ካሜራ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ገለፈቱ ተጎድቷል፣ በአዲስ መቀየርም እጅግ ከባድ ነው። ጥቂት አቧራ አያስጨንቃችሁ፤ ከፊልሙ ራቅ ስለሚል ነጥብ ሆኖ አይወጣም። የጣት ቅባት ግን ብርሃንን ይበትናል።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያ ፔሊክሴን በያዝኩ በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱ ላይ የተቀመጠች አንዲት ክር አየሁና በሌንስ መጥረጊያ ወረቀት ጠረግኋት። ክሯ ሄደች፣ ሽፋኑም አብሮ ሄደ። በዚያ ካሜራ ከመስኮት ፊት ያቆምኳት ሙሽራ ሁሉ ነጩ ቬሏ ወደ ፊቷ እንደ ጭጋግ ፈሶ ይወጣል። የአንዷን ቤተሰብ ሙሉ ጥቅል ፊልም አበላሽቼ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ስለዚህ፦ መስታወቱን በጨርቅ አትንኩ፣ በብሩሽ አትንኩ፣ በጣት አትንኩ፣ በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፣ በጣሳ የታሸገውን የአየር ግፊት አትንፉበት። ካሜራውን አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ንፉ። ያልወጣውን ተዉት።

ከመስታወቱ ቀጥሎ የኋላውን ክዳን ክፈቱና ሻተሩን እዩ። የፔሊክስ ሻተር መጋረጃ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ካሜራዎች ጨርቅ አይደለም፣ ብረት ነው። መስታወቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሌንሱ ወደ ፀሐይ ከዞረ የተሰበሰበው ጨረር በቀጥታ መጋረጃው ላይ ያርፋል፤ ጨርቅ ቢሆን ይቃጠል ነበር። ብረቱ ላይ ትንሽ መጨማደድ የተለመደ ነው። ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ በትንሽ ባትሪ አብርታችሁ አረጋግጡ። የአር ቲ ሻተር ላይ ደግሞ የሚጣበቅ ጥቁር ነጠብጣብ ፈልጉ። የዚያ ትውልድ ካሜራዎች ውስጣቸው ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ይቀልጥና ሻተሩ ላይ ይለጠፋል፣ ያዘገየዋልም።

ባትሪውንም አስቡበት። አር ቲ 2 ሲ አር 5 የተባለውን ባትሪ ይጠቀማል፤ ዛሬም ይሸጣል፣ ያለ እርሱ ግን ካሜራው ፈጽሞ አይሠራም። ፔሊክስ ያለ ባትሪ ያነሳል፤ ባትሪ የሚፈልገው የብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ያ 1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ግን ቀርቷል። በምትኩ 1.5 ቮልት ካስገባችሁ መለኪያው ብርሃኑን አብዝቶ ያያል፣ ፎቶአችሁም ይጨልማል። መፍትሔው ለመስማት መርጃ መሣሪያ የሚሸጠው ቁጥር 675 የዚንክ ባትሪ ነው። ቮልቱ በጣም ይቀራረባል። መጠኑ ጠበብ ስለሚል በዙሪያው የጎማ ቀለበት አድርጉለት። ተለጣፊው ከተላጠ በኋላ ጥቂት ወራት ብቻ ነው የሚቆየው፤ ዋጋው ግን ርካሽ ነው።

ብርሃን ስትለኩ

በካሜራው ውስጥ ባለው መለኪያ ከለካችሁ ምንም አትደምሩ፣ ምንም አትቀንሱ፤ ከመስታወቱ የሚጠፋው ብርሃን አስቀድሞ ታስቦበታል። በፔሊክስ ከፊት ያለውን ማንሻ ወደ ሌንሱ ስትገፉት ዲያፍራሙ ይጠባል፣ ብርሃን የሚለካው ዓይን ከመስታወቱ ጀርባ ብቅ ይላል፤ መርፌውን አስተካክሉና ማንሻውን መልሱት። የሚለካው መሃሉን ብቻ ስለሆነ ነጭ የአገር ልብስ ላይ አትለኩ፣ ፊት ላይ ለኩ።

የእጅ መለኪያ ወይም የስልክ መለኪያ ከሆነ የምትጠቀሙት ግን እርሱ መስታወታችሁን አያውቅም። ፊልሙ 400 ከሆነ መለኪያውን 250 ላይ አድርጉትና ሌላውን እርሱት። ፍላሹም እንዲሁ ነው። በራሱ ዓይን የሚለካ አሮጌ ፍላሽ ከሆነ እርሱንም ወደ 250 ዝቅ አድርጉት። በቁጥር የምታሰሉ ከሆነ የፍላሹን ኀይል የሚገልጸውን ቁጥር በ0.8 አባዙ (በርቀቱ ሲካፈል የኤፍ ቁጥሩን ይሰጣል)፤ ለምሳሌ በ100 አይ ኤስ ኦ 28 የተባለ ፍላሽ 22 ወይም 23 ይሆናል። ሰውየው በ4 ሜትር ርቀት ላይ ከቆመ በተራ ካሜራ ኤፍ 7 ገደማ የነበረው እዚህ ኤፍ 5.6 ይሆናል። በአር ቲ ላይ የተገጠመና ከካሜራው ጋር የሚናበብ የራሱ ፍላሽ ከሆነ ስሌቱ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አቁማችሁ ለረጅም ሰከንድ ሻተሩን ስትከፍቱ መመልከቻውን በክዳን ዝጉት። መስታወቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከኋላችሁ ያለ መብራት በመመልከቻው ገብቶ ፊልሙን ሊያቃጥል ይችላል። ተራ ኤስ ኤል አር ላይ መስታወቱ ሲነሳ ያንን ቀዳዳ ይዘጋዋል፤ እዚህ የሚዘጋው እጃችሁ ነው። ካሜራውን ስታስቀምጡም የሌንሱን ክዳን ሁልጊዜ ክደኑ፣ በተለይ በመኪና መስኮት ሥር።

እስክስታን ስታነሱ

አሁን ወደ ወደድኩት ክፍል ደረስኩ። እስክስታ ለካሜራ አስቸጋሪ ነው። እግር ጸጥ ይላል፣ አንገትና ትከሻ ይነዝራል፣ ፊት ደግሞ ለቅጽበት ብቻ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይረጋል። ያቺን ቅጽበት ተራ ካሜራ ይዛችሁ በግምት ነው የምታነሱት፤ አገኘኋት ብላችሁ የምታምኑት ጨለማው ከመምጣቱ በፊት ያያችሁትን ነው እንጂ ያነሳችሁትን አይደለም።

ፍላሽ ከሌለ ሻተሩን 30ኛ (የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ) ላይ፣ ዲያፍራሙን ኤፍ 2 ላይ አድርጉ፤ ፊልሙ 800 ይሁን። 30ኛ ለትከሻ ቀርፋፋ ነው፣ ትከሻው ይደበዝዛል፤ እኛም የምንፈልገው ይህንን ነው። የምንጠብቀው ፊቱ የሚረጋበትን ነው። በዚህ ፍጥነት መስታወት የሚነሳበት ካሜራ በራሱ ምት ይንቀጠቀጣል፤ የማይነሳው ግን ጸጥ ስላለ በእጅ ይዞ 15ኛ ድረስ መውረድ ይቻላል። ከበሮውን ስሙ። የምት ማረፊያው ላይ ከመድረሱ በፊት ሳይሆን ማረፊያው ላይ ተጫኑ፤ ካሜራው አያስጠብቃችሁም። አር ቲ የያዘ ሰው ልዩ አሠራሩን ማብራቱን ያረጋግጥ፤ ያኔ ቁልፉን በግማሽ ስትጫኑ ዲያፍራሙ አስቀድሞ ይጠባል፣ ማጥራቱም ይቆለፋል፣ ከዚያ የቀረው መተኮስ ብቻ ነው። በግማሽ እንደተጫናችሁ ጨፋሪው ወደ ፊት ከመጣ ለቃችሁ እንደገና መጫን አለባችሁ።

የሚያልፍ ሰው ስታነሱ፣ ሯጭ ወይም ብስክሌተኛ፣ ጥቅሙ ከዚህም ይበልጣል። እግራችሁን ሰውየው ወደሚደርስበት አቅጣጫ ትከሉ፣ ወገባችሁን ወደሚመጣበት አዙሩ፣ ከሩቅ ጀምራችሁ በመመልከቻው ያዙትና አብራችሁት ዙሩ። 30ኛ ላይ ተኩሱ፣ ከተኮሳችሁ በኋላም መዞራችሁን አታቁሙ። በተራ ካሜራ ሰውየው ልክ በዋናው ሰዓት ይጠፋባችኋል፣ እጃችሁም ሳታውቁት ይቆማል። በዚህ ካሜራ ፊቱ ከመሃል ሲሸሽ ስለምታዩት እየተከተላችሁ ታርሙታላችሁ። ቦታ ካላችሁ አንድ ሙሉ ጥቅል ለዚህ ብቻ መድቡ።

ለማን ነው እንግዲህ? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመቅረዝ ብርሃን ለሚያነሳ አይሆንም፣ ሬንጅፋይንደር ይግዛ። ሕንጻና ተራራ ለሚያነሳ የሚሰጠው ጥቅም የለም፣ ብርሃኑን በከንቱ ያጣል። ዲጂታል ለሚፈልግ ሶኒ በ2010 ይህንኑ መስታወት በኤ33 እና በኤ55 ላይ ሞክሮታል፤ ዛሬ ግን መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ቦታውን ወስደውታል። ሰው ለሚያነሳ፣ በተለይ ሰው በፍላሽ ለሚያነሳ፣ ከዚህ የተሻለ የፊልም ካሜራ አላውቅም። በእጅ ማጥራትና በእጅ መለካት የሚወድ ፔሊክስ ይግዛ፣ መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ ብቻ። ሌላው ሁሉ አር ቲ ይግዛ፤ ሌንሱ በቀላሉ ይገኛል፣ የኢኦኤስ ካሜራ ያለው ዘመድ ካለ መዋስም ይቻላል። 1ኤን አር ኤስ ከሁሉም የበረታ ነው፤ ግን ከባድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ በሠርግ ላይ አንገት ላይ አይንጠለጠልም።

ለእህቴ ልጅ አር ቲዬን ከ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ላክሁላት። አብሬ ትንሽ ደብተር አስገባሁና አንድ ሥራ ሰጠኋት። የመጀመሪያውን ጥቅል ሙሉውን በፍላሽ፣ ሰው ብቻ አንሺበት፤ ፊልሙ ሳይታጠብ እያንዳንዱን ቁጥር ጽፈሽ ከጎኑ «ከፍቷል» ወይም «ጨፍኗል» በይ አልኳት። ከ36ቱ አምስቱ ላይ «ጨፍኗል» ብላ ነበር፤ በአራቱ ላይ እዚያው ሰውየውን አስቁማ ደግማዋለች፣ አምስተኛው ሄዶባታል። ፊልሙ ታጥቦ ኔጌቲቩ ሲመጣ በስልክ አንድ በአንድ አብረን ቆጠርን። አምስቱም ደብተሯ ላይ በተጻፉት ቁጥሮች ላይ ነበሩ።